ከሰሌዳው ጀርባ ያለው እንጨት

ብረት ሲቆርጡት ይለመናል። ይሞቃል፣ ቅርፊቱን እየጠቀለለ ይጥላል፣ ቢያስቸግርም ድንገት አያኮርፍም። ግራጫው ሰሌዳ ግን ልመና አያውቅም። ወይ እንዳለ ይቆማል ወይ ይሰበራል፤ መሃል የሚባል ነገር የለውም። በዚያ ላይ ስለት ይበላል። ጠዋት የተሳለ መቁረጫ ምሳ ሳይደርስ ዶልዱሞ ይገኛል። ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥኖች የሚሆን፣ እሳት የማይበግረው ሰሌዳ ነው። በማሽን ሾፑ ውስጥ ይህን ሰሌዳ ሳይሰብር በልኩ የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም አባ ቀስ ይለዋል።

አባ ቀስ የተባለው ፍሬዛ በሚሉት መቁረጫ ማሽን ላይ ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ» እያለ ከሰሌዳው ጋር ስለሚያወራ ነው። አዲስ የተቀጠረ አንድ የቶርኖ ማሽን ሠራተኛ ስሙን አጣርቶ ሳይሰማ ቀርቶ፣ ሰውየው ቄስ የነበረ መስሎት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ ባለበት አንዲት ስድብ ከአፉ ሳትወጣ ከረመ። ነገሩ የታወቀ ቀን ሾፑ በሳቅ ፈረሰ። የሾፑ አለቃ ካቦውም የዋዛ አልነበረም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ላንተ ነው፤ ችግሩ እስኪሄድ ቆመን የምንጠብቀው እኛ መሆናችን ነው» እያለ ይነዘንዘዋል። አባ ቀስ ይስቃል፣ እጁን ግን አያፈጥንም።

የሥራው ምስጢር መውጫው ላይ ነው። መቁረጫው ሰሌዳው ውስጥ ሲገባ አይሰብርም፤ መሃሉን ሲያርስም አይሰብርም። የሚሰብረው ጠርዙ ላይ ደርሶ ሊወጣ ሲል ነው። ከኋላ የሚይዘው ስለሌለ ጠርዙ ተቦድሶ ይወድቃል፣ የግማሽ ቀን ሥራም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ አባ ቀስ ከሰሌዳው ጀርባ አንድ ቁራጭ እንጨት ይደግፍና ሁለቱን አጋጥሞ በሞርሳ ጥርስ መሃል አጥብቆ ያስራቸዋል። መቁረጫው ሰሌዳውን ጨርሶ ሲወጣ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። የሚቦደሰው እንጨቱ ነው፤ ሰሌዳው ጠርዙ ሳይነካ ይወጣል። ያንን እንጨት በሾፑ ቋንቋ ደጀን ይሉታል። ከጥቂት ዙር በኋላ ደጀኑ ተቆራርጦ ያልቅና ይጣላል፤ ሌላ ይተካል።

አቧራውስ? ለብረት የሚፈስሰው ማቀዝቀዣ ለዚህ ሰሌዳ አይሆንም፤ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆንና የማሽኑን ሃዲድ እንደ ሸካራ ወረቀት ፍቆ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በደረቁ ይቆረጣል፣ አቧራውም እንዳሻው ይነሳል። አባ ቀስ ለዚያ ማሽን ያደርገው የነበረው ጥንቃቄ ለሙሽራም አይደረግ። ሃዲዱን የሚያለብስበት ሸራ ነበረው፤ ባለቤቱ በልኩ ቆርጣ፣ ጠርዙን አጥፋ፣ ማሰሪያ አበጅታ የሰፋችለት ነው። ለአፍንጫው ማስክ ነበረው፤ ማስኩንም የምታጥበው እሷ ናት። ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ልብስ መቀየሪያ የሚሆን የብረት ሎከር ተሰጥቶ ነበር። ይቺን ሎከር ልብ በሉልኝ። የአባ ቀስ ሎከር ውስጥ የልክ መለኪያ ካሊበሮቹ፣ ማይክሮሜትሩና መቁረጫዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፤ አቧራ እንዳይነካቸው። ለልብስ የሚሆን ቦታ አልተረፈም። ሰውየው ቱታውን ለብሶ ይመጣል፣ ቱታውን ለብሶ ይሄዳል።

በመውጫ ሰዓት ወንዶቹ የኮምፕረሰሩን ጎማ እየተቀባበሉ አንዱ የሌላውን ልብስ በንፋስ ያራግፋል። «ጀርባህን አምጣ!» «ኧረ እንደ ፊኛ እንዳትነፋኝ!» እየተባባሉ ይስቃሉ። የዕለቱ ደስታ ያች ሰዓት ነበረች። ከዚያ ጸዳን ብለው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በስፌቱ ውስጥ፣ በኪሱ ሥር፣ በእጥፋቱ ውስጥ የተኛውን ግን ንፋስ አያወጣውም።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓሮ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ሽቦ ተወጥሯል። አባ ቀስ በር ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ወገቧን ይዛ ትጠብቀዋለች። «ዛሬም ግማሹን ፋብሪካ ይዘህብኝ መጣህ?» ትለዋለች። «ግማሹን ነገ አመጣዋለሁ» ይላታል። ቱታውን ተቀብላ ጓሮ ትወጣለች፣ ሽቦው ላይ ታሰጣዋለች፣ በዱላ ትወቅጠዋለች። ኪሶቹን ገልብጣ ሥራቸውን በጥፍሯ ትፍቃለች፤ ጭንቅላቷ በግራጫ ደመና ውስጥ ይጠፋል። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ደረቷ ደካማ ስለነበር እናቷ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት «ግቢ፣ መስኮቱን ዝጊው፣ እስክጠራሽ እንዳትወጪ» ትላታለች። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ እናቷን እያየች ትቆማለች።

የደጀንን ነገር የነገራት በተጋቡ በዓመታቸው ነው። ጓሮ ውስጥ እያጠበች፣ እሱ ደፉ ላይ ተቀምጦ፣ ሰሌዳው መውጫው ላይ እንዴት እንደሚሰበርና እንጨቱ እንዴት እንደሚያድነው በእጁ እያሳየ አስረዳት። ከዚያ ማለፊያ ነገር የተናገረ መስሎት፣ «አንቺም ለኔ ደጀኔ ነሽ» አላት።

«እንጨቱ እኔ ነኝ በለኛ!» አለችው።

«እንጨቱ ባይኖር እኮ ሰሌዳው ዋጋ የለውም።»

«እሺ፣ እንጨቱስ በኋላ ምን ይሆናል?»

አባ ቀስ መዋሸት አይችልበትም። «ይጣላል» አላት። እሷ እርጥቡን ቱታ አንስታ ፊቱ ላይ ለጠፈችለት፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ደጀኔ ነው የሚላት፣ በሰው ፊትም ሳይቀር።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ልጃቸው አደገች፣ ደረቷም ጠነከረ፣ ሌላ ከተማ አስተማሪ ሆነች። አባ ቀስ ፀጉሩ ሸበተ፤ የሰሌዳውን አቧራ ከሽበቱ መለየት ቸገረ እያሉ ይቀልዱበታል። በየጊዜው በሾፑ ትእዛዝ ደረቱን ራጅ ሲነሳ «ሳንባህ የጎረምሳ ነው» ይሉታል፤ እሱም ማስኩን አንድ ቀን ሳያጎድል በማድረጉ ይኮራል።

ባለቤቱን መጀመሪያ ያቃታት ባልዲው ነበር። ከቧንቧው እስከ ጓሮው ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ መሃል ላይ ታስቀምጠውና ግድግዳ ትደገፋለች። «ባልዲው ነው የከበደው፤ ዕቃም ያረጃል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ደረጃ አቃታት። ከዚያ ከወንበር ተነስታ በር መክፈት ብቻውን ትንፋሽ ያሳጥራት ጀመር። ብርድ ነው ተባለ፣ ሽሮፕ ጠጣች። አልተሻላትም። እሱ ግን ቱታውን እየለበሰ መምጣቱን አልተወም፤ እሷም እያረፈች፣ እየተቀመጠች፣ መውቀጧን አልተወችም።

በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቅላ ብዙ ቆየች። በሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል፣ ሽፋኑም ወፍሯል አለች።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የቤት እመቤት ነኝ።»

«ዱሮስ? ድንጋይ የሚፈጭበት፣ ሲሚንቶ ወይ አስቤስቶስ ያለበት ቦታ ሠርተው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ እቴ! ከጓዳ መች ወጥቼ።»

አባ ቀስ ለመርዳት ብሎ ጣልቃ ገባ። «እንዲህ ያለውን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ ዶክተር። ግራጫውን ሰሌዳ የምቆርጠው እኔ ነኝ። እኔ ግን ደህና ነኝ፣ ጥንቁቅ ነኝ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደሱ ዞረች። «የሥራ ልብስዎን ማን ነው የሚያጥበው?»

እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱ ቀደመች። «እዚያው ፋብሪካው ነው የሚያጥብላቸው» አለች። ድምጿ ውስጥ ምንም መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ በሕይወቷ ከዚያ ፈጥና የመለሰችው ጥያቄ ያለ አይመስለኝም።

አባ ቀስ አያት። ለምን እንደዋሸች ወዲያው ገባው፤ እሷ ከሱ በፊት ሁሉን ተረድታለች ማለት ነው። «እሷ ናት» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት። እሷ ናት።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የዚያ ሰሌዳ አቧራ አስቤስቶስ መሆኑን፣ እንደ ቀጭን ክር ገብቶ እንደማይወጣ፣ ብዙ ዓመት ተኝቶ ቆይቶ እንደሚነሳ ነገረቻቸው። ውሃውን እየቀዱ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም። አባ ቀስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር፣ አይኑ ግን የጫማው ስፌት ላይ ነበር። ስፌቱ ውስጥ ግራጫ ነገር አለ።

ከሆስፒታሉ በር ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፉ። «ምን አስለፈለፈህ?» አለችው።

«ዋሸሽ።»

«አንተን እንዳያመናጭቁብኝ ብዬ ነዋ።»

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ምን አጥፍተህ?»

እሱ የፈለገው አንዲት ቃል ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ እንድትለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሁሉ የፈለገው ያንን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ በተነሳ ቁጥር «ምን አጥፍተህ?» ትለዋለች። ይቅር ብዬሃለሁ ብትል ጥፋት አለ ማለት ነው፤ ጥፋት አለ ማለትን ደግሞ አንደበቷ እምቢ አለ።

በማግስቱ ሾፑ ሄደና ማሽኑን ሳያስነሳ መሃል ቆመ። ንግግር አያውቅም። ሐኪሟ ያለችውን እንዳለችው ነገራቸው። ሚስቶቻችን ናቸው የሚያራግፉት አላቸው፤ ማስክ ለኛ ነው የተሰጠን፣ ሸራ ለማሽኑ ነው የተሰፋለት፣ እነሱን ማን አሰበ አላቸው። ያ ቀልደኛ ካቦ ፊቱ አመድ መሰለ። «የኔዋም ታስላለች» አለ፤ ይህን ብሎ ቤቱ ሊደውል ወጣ። የቶርኖው ሠራተኛ የኮምፕረሰሩን ጎማ ከግድግዳው ላይ ነቅሎ ጠቀለለው። ያን ቀን የተሠራ ሥራ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በር አጠገብ ውሃ የተሞላ በርሜል ተቀመጠ፤ ቱታ እዚያው ይነከራል፣ እዚያው ይታጠባል። ግራጫው ሰሌዳም ከሾፑ ወጣ። አባ ቀስ ሎከሩን ከፈተና መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አቧራው ውስጥ አስቀመጣቸው። ሎከሩ ውስጥ ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ሰቀለ። አንድ ሰው የሚሰቅለው ልብስ ስንት ቦታ ይፈጃል? አንድ ክንድ አይሞላም። ይህን እያየ ቆመና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ለራሱ።

ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ መጣች። አባቷን ትወደዋለች፤ ግን አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ሳሉ አልቻለችም። «አባዬ፣ ለምን እዚያው አትቀይርም ነበር? ሎከር አልነበራችሁም?»

«ነበረን።»

«ታዲያ?»

«ካሊበር አስቀምጬበት ነበር» አላት። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

የቤቱን ልብስ እሱ ማጠብ ጀመረ። ባለቤቱ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ትቀመጥና ታዘዋለች። «አታራግፈው! መጀመሪያ ንከረው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ትላለች፤ ተረቱ ለልብስ ማጠቢያ መዋሉ ያስቃታል፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ ሳሉ እስኪያልፍ እሱ እጁን ሳሙናው ውስጥ አድርጎ ይጠብቃል። አንገትጌውን አሳስቶ ሲያሽ «አወይ ሙያ! ሰሌዳ ቢሆን ይሻልህ ነበር» ትለዋለች። በማንኪያ ሲያጎርሳት ግን አትቀልድም። እሱም በልቡ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። መውጫው ላይ ነው የሚሰበረው። ይህን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፣ ከጀርባዋ የሚያስደግፍላት ነገር ግን አላገኘም።

አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይ አልጋው ግርጌ ደርሳ፣ ልጃቸው ከማዶ ክፍል ፈተና እያረመች ሳለች፣ ባለቤቱ «ቱታህን አምጣልኝ» አለችው። ታጥቦ ከሾፑ የመጣ አንድ ነበረው፤ ሊቀደድ የደረሰ እጅጌውን ሊጥፍ ያመጣው ነው። ሊሰጣት አልፈለገም። «አምጣ አልኩህ» አለችው።

ጉልበቷ ላይ ዘረጋላት። ኪሶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች፤ ጣቶቿ ከስተው ጥፍሯ ብቻ የቀረ ይመስላል። ሥራቸውን ፋቀች። ጥፍሯን ወደ ብርሃን አነሳችና አየችው።

«ጸድቷል» አለች። «ማን አስተማረህ?»

«አንቺ።»

ከዚያ አልቻለም። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ቱታው ላይ ደፍቶ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ማሽኑን አለበስኩት፣ አንቺን ግን ገልጬ ተውኩሽ» አላት። «አንድ ጊዜ ይቅር ብዬሃለሁ በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይዤው የምኖረው ነገር ስጪኝ።»

እጇ ፀጉሩ ውስጥ ነበር። ትንፋሿን ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈጅባታል።

«ያንን እንጨት የሚጥለው ማነው?» አለችው።

«የቱን?»

«ደጀኑን።»

«እኔ ነኛ።»

«እኔን እንዳትጥለኝ» አለችው። «ሌላ አልፈልግም። አደራ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልጃቸው ፀጉሯን እያበጠረችላት ሳለ አረፈች። አባ ቀስ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ የልጃቸውን ፊት አየ። ባልዲውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ወር ሳይሞላ ወደ ሥራ ተመለሰ። ምን ያድርግ? ቤት የቀረው የጓሮው ልብስ ማስጫ ሽቦ ብቻ ነው። በግራጫው ሰሌዳ ፈንታ ሌላ ሥራ፣ እንደ እርሳስ ልብ የጠቆረ ግራፋይት መጥቷል፤ አቧራውን የሚስብ ቱቦም ተገጥሟል። ግራፋይቱም ቢሆን ይሰበራል፣ እሱም ደጀን ይፈልጋል። አባ ቀስ እንጨት ቆርጦ አስደገፈ፣ በሞርሳ አሰረ፣ ማሽኑን አስነሳ። «ቀስ» የሚለው ድምፁ አልተሰማም። ጥቁሩ ጠርዙ ሳይነካ ወጣ፤ እንጨቱ ተቦድሷል። አባ ቀስ እንጨቱን ፈታና እንደ ልማዱ ወደ ቆሻሻው ሳጥን ሊወረውር እጁን አነሳ። እጁ እዚያው ቀረ።

ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ሎከሩ ሄደ። ከንጹሕ ሸሚዙ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ እንጨቱን አስቀመጠ። በማግስቱ ሌላ ጨመረ፣ በሳልስቱ ሌላ።

አንድ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ካቦው ሎከሮቹ ንጹሕ መሆናቸውን እያየ ሲዞር እዚያ ደረሰ። የራሱን ባለቤት አስመርምሮ፣ በየስድስት ወሩ ትታይ ተብሎ፣ እሱም እንደ ድሮው መቀለድ ካቆመ ሰንብቷል። መደርደሪያው ሞልቶ እንጨቶቹ ሸሚዙ ላይ ሊወድቁ ደርሰዋል።

«አባ ቀስ፣ ይሄ ሁሉ ቁርጥራጭ እዚህ ምን ይሠራል? ጣለው እንጂ።»

አባ ቀስ በሩን በእጁ ይዞ ቆመ። «አይጣልም» አለ። «አደራ ነው።»

ካቦው ጥቂት አየው። ጎንበስ አለና ከማሽኑ ሥር የወደቀ አንድ የተቦደሰ ደጀን አነሳ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጎ አቀበለው።